የነጃት በር

ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ቤት ሲኬድ መጀመሪያ «እፍ» ይባላል፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። በየበሩ ላይ፣ በአዋቂ አገጭ ልክ፣ ሳንቲም የምታህል ወንፊት አለች። ትንፋሽ ይሰጧታል። አረንጓዴ ካበራች መግባት ነው። ቢጫ ካበራች ፊትን አዙሮ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ የጤና ጣቢያው በር ደግሞ የሚከፈተው ለቢጫ ብቻ ነው። ቀይ ካበራች ደግሞ ካሉበት አለመነቃነቅ ነው፤ የሚመጡት ሰዎች ራሳቸው ይመጣሉ። ባቡሩም እንዲሁ፣ ሱቁም፣ ወፍጮ ቤቱም፣ የቀበሌው ጽሕፈት ቤትም እንዲሁ። ሕፃናት «እማ» ከማለታቸው በፊት «እፍ» ማለት ይለምዳሉ። ሽማግሌ የላከ ጎረምሳ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የልጅቷ አባት ደጃፍ ላይ ቢጫ ከበራበት፣ ሌላ ልጅ ቢፈልግ ይሻለዋል። ከመጠጥ ቤት የሚመለሱ ባሎች በር ላይ የሚያሰሙት ልመናማ ባይነሳ ይሻላል።

በመንግሥት ወረቀት ላይ የዚህች ወንፊት ስም «አሽታች» ነው። በሰው አፍ ግን «የነጃት በር» ናት። እንዲህ ያለ ስም በከንቱ አይወጣም።

ዶክተር ነጃት እንድሪስ የተወለደችው ከወንዙ ዳር፣ ከጨርቅ ማቅለሚያዎቹ ጀርባ ነው። ወንዙ ሰኞ ሰማያዊ፣ ሐሙስ ቀይ ሆኖ ይወርድ የነበረበት ዘመን ነው። ልጆች በቀለሙ ቀን ይቆጥሩበት ነበር፤ ጥጃዎች ደግሞ ይሞቱበት ነበር። ነጃት ኬሚስትሪ አጠናች። ትልቅ ከተማ ገብታ መቀመጥ ስትችል ተመልሳ እዚያው ወንዝ ዳር ቁጭ አለችና ጣት የምታህል፣ መርዝ ሲነካት የምትጠቁር ብልቃጥ ሠራች። ብልቃጧ በየጉድጓዱ ገባች። የፋብሪካ ጠበቆች መጡ፣ ፎከሩ፣ ሄዱ። ወንዙ የውሃ መልኩ ተመለሰለት። ሴትዮዋ ያኔ ገና ሠላሳ አልሞላትም ነበር። ለሌላ ሰው ይህ ብቻ ለዕድሜ ልክ ይበቃዋል፤ እሷ ግን ገና መጀመሯ ነበር።

ከዚያ በሮቹ ከባሕር ማዶ መጡ። በየፋብሪካውና በየትምህርት ቤቱ ተተከሉ፤ ወረርሽኝ ያስቀራሉ ተባለ፣ እውነትም አስቀሩ። ታዲያ ብዙም ሳይቆይ ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ይሄኛው ጉድ ግን በየካቲት ነው የመጣው። የጾመ ሰው ከሰዓት በኋላ ትንፋሹ እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ይሸታል፤ ስኳር የጠናበት በሽተኛም አሴቶን ይሸታል። ለበሮቹ ደግሞ ጾም የሚባል ነገር በዓለም ላይ እንዳለ የነገራቸው የለም። ከተማው በሙሉ ቢጫ ሆነ። ፋብሪካው ባዶውን ዋለ፤ ጤና ጣቢያው ከረሃብ በቀር ምንም በሌለባቸው ሰዎች ተጥለቀለቀ። ሻጮቹ ሲጠየቁ «ሠራተኞቻችሁ ቁርስ በልተው ይምጡ» ብለው መለሱ። ቁርስ! በሁዳዴ! በረመዳን!

ነጃት የመስታወት ቱቦዎች በዘንቢል ሞልታ ወጣች። መስጊድ በር ላይ ቆመች፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቆመች፤ «ስለ አላህ፣ ስለ እመብርሃን፣ ትንፋሻችሁን ስጡኝ» እያለች። አንዲት እናት «ልጄ፣ ገንዘብ ሲለመን አውቃለሁ፤ ትንፋሽ ሲለመን ግን ዛሬ ገና አየሁ» ብለው ሳቁባት፤ እየሳቁም እፍ አሉላት። እያንዳንዱን ሰው «ሕመም የለብዎትም አይደል?» ብላ ትጠይቃለች። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» ጾሙ ሳይፈታ የበሩን አንጎል አውጥታ በከተማው ትንፋሽ አስተማረችው። ከዚያ ወዲያ በሩ ጾመኛ ሲያሸት አረንጓዴ አብርቶ «ጾምዎን ይቀበልልዎ» ማለት ጀመረ። ይህን የሰሙ ትልልቅ ሰዎች ደጃፍ ላይ ቆመው አለቀሱ። እስከዚያች ቀን ድረስ ማሽን አክብሯቸው አያውቅማ።

ይህ ከሆነ ሠላሳ ሦስት ዓመት አለፈ፤ ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን እንደገና ገጠሙ። ነጃት ጡረታ ወጥታለች። ተቋሙን የሚመራው ተማሪዋ የነበረው ዶክተር ኪሩቤል ነው፤ ሆኖም በሮቹ ዛሬም የሚታዘዙት ለሁለት ሰው ድምፅ ነው፣ ለእሱና ለእሷ። ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከተሞች የመጡ እንግዶች ሆቴል ገብተዋል። ሐሙስ ጠዋት ውል ይፈርማሉ፤ ከዚያ በኋላ ጾምን የሚያውቀው በር ከምጽዋ እስከ ኤደን ሊተከል ነው። ነጃት ለፊርማው በዓል የምትለብሰውን ቀሚስ አስተኩሳ ሰቅላዋለች።

ረቡዕ ቀትር ላይ ዘሀራ የምትባል ሴት እፍ ብላ ገባችና ሳትቀመጥ፣ «ዶክተር፣ በርዎ ይዋሻል» አለቻት።

ነጃት በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ቃል ሰምታ አታውቅም። ደሟ ፈላ። ቢሆንም የወሎ ሰው ናትና «ተቀመጪ እስኪ» አለች።

«አልቀመጥም። ባለቤቴ ሙሄ ደረቅ ወደቡ ላይ ክሬን ነጂ ነው። ወር ሙሉ ውሃ ሲጋት ያድራል፤ ሰውነቱ አልቆ ልብሱ ውስጥ ጠፍቷል። ትናንት እኔን እንኳ መለየት አቃተው። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፤ በሩ አረንጓዴ አበራና ‹ጾምዎን ይቀበልልዎ› ብሎ መለሰን። ዛሬም ሄድን፣ ዛሬም መለሰን። ጤነኛ አናስገባም አሉ!»

«ጾሞ ይሆናላ።»

«ወላሂ አልጾመም! ሼኹ ራሳቸው የታመመ አይጾምም ብለውት ትቶታል። እኔ ነኝ በእጄ የማጎርሰው። እሱ ሳይጾም በሩ ነው እንጂ የሚያስጾመው!»

ነጃት ነጠላዋን ብድግ አድርጋ ተከተለቻት።

ሙሄ ፍራሽ ላይ ተኝቶ ዳገት እንደሮጠ ሰው ይተነፍሳል። የሃምሳ ዓመት ሰው ነው፤ ፊቱ የሰማንያ መስሏል። ነጃት ተንበረከከችና አፍንጫዋን ወደ አፉ አስጠጋች። የአገሩን በር ሁሉ ማሽተት ያስተማረች ሴት በገዛ አፍንጫዋ የሰው ትንፋሽ ካሸተተች ስንት ዘመኗ! የሰነበተ ሙዝ ሸተታት። ክው አለች። ስኳሩ ደሙን ወደ መርዝ እየለወጠው ነው፤ ይህን ለማወቅ በር አያስፈልግም።

«አብሽሪ፣ እንወስደዋለን» አለቻት ዘሀራን። ልቧ ግን ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር። በሩ ይህን «ጾም ነው» ያለው ማን አስተምሮት ነው? ያስተማረችው እሷ ናት። ከማን ትንፋሽ? «ደህና ነኝ» ካሏት ሰዎች ትንፋሽ። እንግዲህ ወሎ ላይ ሰው ቤቱ እየተቃጠለ ቢጠየቅም መልሱ «አልሐምዱሊላህ» ነው። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ስኳር አለብኝ ካለ አትጹም ይባላል፤ አትጹም ከሚባል ሞቱን የሚመርጥ ሞልቷል። ያኔ ቱቦዋን እፍ ካሉት መካከል ከጥቂት ዓመት በኋላ እግራቸው የተቆረጠ ነበሩ፣ ዓይናቸው የጠፋ ነበሩ። ቀብራቸው ላይ ተገኝታለች፣ እንባዋንም አፍስሳለች። አንዱን ነገር ከሌላው ጋር ግን አላገናኘችውም። በሩ የጾመኛን ትንፋሽ ብቻ አልነበረም የተማረው፤ ጾመኛ ነኝ ብሎ ሕመሙን የደበቀውንም ትንፋሽ አብሮ ተምሯል። እንኳን ሰው፣ መርማሪ መሣሪያም በጨዋነት ይታለላል ብሎ ማን ያስባል!

ነጂ በሌለው ባጃጅ ጭነውት ጤና ጣቢያ ደረሱ። ዘሀራ አንገቱን ደግፋ እፍ አስባለችው። አረንጓዴ በራ። «ጾምዎን ይቀበልልዎ። ጤነኛ ነዎት። ለታመመ ቦታ ይልቀቁ» አለ በሩ፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ። ከመስታወቱ ወዲያ የቆመችው ነርስ ነጃትን ስታይ ደነገጠች።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቢጫ ካልሆነ በሩ አይከፈትም። ከዚህ ጎን እጀታ እንኳ የለውም።»

«እጀታ ለምን የለውም?»

«እርስዎ አያስፈልግም ብለው ነው ይባላል።»

እውነት ነበር። ነጃት ወደ ኪሩቤል ደወለች። ኪሩቤል ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ወዲያው ገባው።

«ለሰውዬው ብቻ ብንከፍትለትስ?»

«በሩ ስም አያውቅም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚያውቀው። አብረን ነው የሠራነው እኮ። እንዲከፍት ጾምን መርሳት አለበት፤ ከረሳ ደግሞ ለሁሉም ይረሳል።»

«መምህር፣ ፊርማው ነገ ነው! ዛሬ ከተማው ሁሉ ቢጫ ሆኖ እንግዶቹ ካዩ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። የእርስዎ ስም ነው የሚጠፋው። እስከ ነገ እስከ አራት ሰዓት ብቻ ይታገሡኝ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ።»

ነጃት ሙሄን አየችው። ዓይኑ ተከፍቶ ምንም አያይም። የተሰቀለው ቀሚሷም ትዝ አላት፤ ሰው ናትና አላዘነችም አይባልም።

«ሙሄ እስከ አራት ሰዓት አይቆይም» አለች።

«እኔም እኮ ጾመኛ ነኝ፤ በሩ እኔኑ ቢሮዬ ውስጥ ሊዘጋብኝ ነው!»

«እንግዲያው ቶሎ ውጣ» አለችና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወደ ወንፊቷ ጠጋ ብላ፣ ልጇን እንደምታዝዝ እናት፣ «አሽታች፣ ጾምን እርሳ» አለች።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርሳ አልኩህ!»

ዘሀራ ባሏን እንደገና አቀናችው፤ እፍ አለ፣ እፍ እንኳ አይባልም፣ ቃተተ። ቢጫ በራ። በሩ ተከፈተ። ነርሶቹ ተቀብለው ሲሮጡ ዘሀራ መሬት ላይ ቁጭ ብላ በሁለት እጇ ፊቷን ያዘች።

ከተማው የሆነውን ለመናገር አፍ ያጥራል። ባቡሩ ጣቢያው ላይ ቆመ፤ ለመሳፈር የቆመው ሁሉ ቢጫ ነው። የፋብሪካ ተረኞች ከግቢው ውጭ ተኮለኮሉ። መምህራን ከተማሪዎቻቸው ተለዩ፤ ልጆቹ ስለማይጾሙ ውስጥ ሆነው በመስኮት ይስቃሉ። የሆቴሉ እንግዶች ለሽርሽር ወጥተው ነበርና እነሱም ጾመኞች ሆነው ሆቴሉ ደጃፍ ላይ ከነሽቶአቸው ቀሩ። ሰው ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያው ጎረፈ። «አሮጊቷ ጃጅታለች!» የሚል አለ። «ለፊርማው ቀን ሆን ብላ ነው» የሚልም አለ። የባሰውን የተናገሩም አሉ፤ እሱን ሆድ ይፍጀው።

ነጃት አልሸሸችም። በዚያው በድምፅዋ በከተማው በሮች ሁሉ አንድ ነገር አስነገረች፦ «በሃይማኖትዎ ሰዓት ይብሉ፤ ምግቡ ሲረጋ ተመልሰው እፍ ይበሉ። ጾም ከሆነ ይለቃል። ሕመም ከሆነ አይለቅም።» ሠላሳ ሦስት ዓመት ያልታየው ነገር ይህ ብቻ ነበር፤ ሁለተኛዋ ትንፋሽ። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ጮሌነት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ተሳስቻለሁ ማለትን ነው፣ እሱ ደግሞ ከኬሚስትሪ ይከብዳል።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ቤቱ የተዘጋበት ሕዝብ መንገድ ላይ ምን ይብላ? ቤታቸው ሰው የቀረላቸው ሽሮውንም፣ ንፍሮውንም፣ የሱፍ ፍትፍቱንም በመስኮት ማቀበል ጀመሩ። የክርስቲያኑ ገበታ መንገድ ዳር ተዘረጋ፤ ጸሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ቴምሩና ሾርባው በተራው ወጣ። በዘጠኝ የበሉት ለሚያፈጥሩት ውሃ ያቀብላሉ፤ ስድቡ ሁሉ በየጉርሻው እየቀነሰ ሄደ። የጠገበ ሰው እንደ ራበው አይሳደብም።

ከዚያ እየተነሱ እፍ ማለት ጀመሩ። አንዱ በር አረንጓዴ፤ ሌላውም፤ መንገዱ ዳር እስከ ዳር አረንጓዴ እየሆነ ሄደ። እልልታ ተሰማ። እልልታው ግን ባንድ በኩል ተቋረጠ፣ ምክንያቱም ቢጫው ያለቀቃቸው ነበሩ። አንዲት ሱቅ ጠባቂ። አንድ የኳስ ዳኛ። ከሁሉም የገረመው መምሬ ልሳነወርቅ ናቸው፤ የታመመ እንዳይጾም ዓመት ከዓመት ከዐውደ ምሕረቱ የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። እፍ አሉ፤ ቢጫ። «ደህና ነኝ እኮ» አሉ። እንደገና እፍ አሉ፤ ቢጫ። ልጃቸው «አባዬ፣ ሌሊት ውሃ የሚያስነሳዎት ለዚህ ነበር?» ብላ ማልቀስ ስትጀምር መምሬ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ሳቅ አሉ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ የማስተምረው እኔ አይደለሁም? በሉ ምሩኝ» አሉና ገቡ። እሳቸው ከገቡ በኋላ ሌሎቹ አላፈሩም። ጎረቤት ጎረቤቱን እየደገፈ ተከተሏቸው።

ሐሙስ ጠዋት እንግዶቹ ሳይፈርሙ ሻንጣቸውን ጭነው ሄዱ። የልዑካኑ መሪ ለኪሩቤል፣ «እኛ የመጣነው የማይሳሳት በር ብለን ነበር» አሉት በትሕትና። ኪሩቤል ሁለተኛዋን ትንፋሽ በሕግ አጸናት፤ ይህ አይካድም። ግን የነጃትን ድምፅ ከበሮቹ ውስጥ አወጣው፤ ስልኳንም ማንሳት ተወ። ነጃት ቀሚሷን አውርዳ አጣጥፋ አስቀመጠችው። «ይሁን፣ ልክ ነው» አለች። ልክ ነው ማለት ግን አያምም ማለት አይደለም።

በዓላቱ ካለፉ በኋላ አንድ ከሰዓት ነጃት የሰው ድምፅ ሰምታ በመስኮት አየች። ሙሄ ነው። ፊቱ ሞልቷል፣ ጸጉሩን ተስተካክሏል፣ በእጁ ብርቱካን በፌስታል ይዟል። እፍ አለ። ቢጫ።

«ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ» አለ በሩ።

«ድኖ የለም እንዴ!» አለች ነጃት በመስኮቱ።

«መድኃኒቱን ነው የሚያሸተው፣ ዶክተር፤ በልቼም እፍ ብል አይለቅም። ዕድሜ ልኬን የምወስደው ነው ተብያለሁ፤ እንግዲህ ዕድሜ ልኬን ቢጫ ነኝ» አለ ሙሄ፣ እንደ ቀልድ። «ክሬኑ አይከፈትልኝም። ሱቅም አልገባም። ቤቴ የምገባው በመስኮት ነው፣ እንደ ሌባ። ዘሀራ ወንበር ታቀብለኛለች። ኧረ ምንም አይደል፤ ሕይወቴን ሰጥተውኛል፣ የቀረውን እለምደዋለሁ። ይህችን ብርቱካን ይቀበሉኝና ልሂድ።»

ነጃት በሩን ከውስጥ ጎተተችው፤ አልከፈት አላት። ቢጫ ሰው ደጃፍ ላይ እስካለ ድረስ በሩ ለማንም አይከፈትም፤ እሷ ናት እንዲያ እንዲሆን ያደረገችው። «ክፈት!» አለችው። ድምፅዋን አያውቀውም። አፈረች፤ ወዲያውም ተናደደች፣ እንደ ወጣትነቷ፣ ወንዙን እያየች ትናደድ እንደነበረው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ በርም ተጨምሮበታል።

«ሙሄ፣ እስኪ ወደዚያ ራቅ በልልኝ። እስከ መንገዱ።»

ሙሄ ፊቱ ጠቆረ። ብርቱካኑን ደጃፉ ላይ አስቀመጠና አንገቱን ደፍቶ ወደ መንገዱ ሄደ። ጀርባውን እንደሰጠ በሩ ጠቅ ብሎ ተለቀቀ። ነጃት ከፍታ ወጣች፤ ከአትክልቱ ጥግ ትልቅ ድንጋይ በሁለት እጇ እያቃሰተች አምጥታ በሩና መቃኑ መካከል ዶለችው።

«እባክዎ በሩን ይዝጉ» አለ በሩ።

«ዝም በል አንተ! ሙሄ! ወዴት ነው የምትሄደው? ና እንጂ!»

ሙሄ ዞረ። ድንጋዩን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፤ እጇ በአፈር ተለውሷል። እየፈራ ተመለሰ።

«ቢጫ እንግዳ ገብቷል። እባክዎ በሩን ይዝጉ» አለ በሩ ደጋግሞ።

«ዶክተር፣ ሌላ ችግር እንዳላመጣብዎት።»

«ይጩህ። እኔ ያሳደግኩት ነው፣ ቀስ ብሎ ይማራል። እንደገና አስተምረዋለሁ፤ ኪሩቤልም ሲበርድለት ይመጣል። እስከዚያ ድንጋዩ እዚያው ይቆያል» አለችና ወንበር ሳበችለት፤ እሷም ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች። «በል አሁን ከመጀመሪያው ጀምረህ ሁሉንም ንገረኝ። ደህና ነኝ እንዳትለኝ ብቻ።»